ምሳ ቋጥሮ መሥራት፦ ገንዘብ ላጠረው ሠራተኛ ደረጃ በደረጃ

«ሥራ ቦታ ምሳ እየገዛሁ ደመወዜ ወር አይደርስም። ቋጥሬ ልሂድ ስል ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ሄጄ እተወዋለሁ። ምን ይሻለኛል?» ይቺ ጥያቄ በተለያየ አነጋገር እየተመላለሰች ስለምትመጣ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ከምመልስ አንድ ቦታ ጽፌ አስቀምጫታለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው «ምን ልቋጥር?» ብሎ ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ምግቡ አጠገባችሁ እንዲገኝ ማድረጉ ነው። ሆድ ባዶ ሆኖ ምሳ ዕቃ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ቆጣቢ ብትሆኑ እግራችሁ ወደ ምግብ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ የነገው ምሳ ዛሬ ማታ አልቆ እንዲያድር።

የተጻፈው ለአንድ ሰው፣ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ነው። ሁለት ከሆናችሁ እጥፍ አድርጉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክዳናቸው ግጥም የሚል 3 ወይም 4 ምሳ ዕቃዎች። አንድ ብቻ አይበቃም። እሱ ሳይታጠብ ካደረ የነገው ምሳ ቀረ ማለት ነው።
- ክዳን ያላቸው 2 ትንንሽ ብልቃጦች፣ ለስጎና ለሰላጣ ማጣፈጫ።
- 2 የውሃ ጠርሙስ። አንዱ ለመጠጥ፣ አንዱ ለበረዶ።
- አፉ ሰፋ ያለ የምግብ ፔርሙዝ። ይሄ ሥራ ቦታ ማሞቂያ ለሌላችሁ ብቻ ነው።
- የወጥ ቤት ሚዛን። ከሌለ ሁልጊዜ የማይቀየር አንድ ኩባያ።
- ፕላስተርና እስክሪብቶ፣ ክዳኑ ላይ ቀን ለመጻፍ።
- ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ ማንኪያና ሹካ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ለመግዛት አትሩጡ። ብልቃጥ ለመግዛት ገንዘብ ማውጣት ትርጉም የለውም፤ ያለቀ የማርማላታ ወይም የማዮኔዝ ብልቃጥ በደንብ ከታጠበ ያው ነው። ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ቢኖር የምሳ ዕቃው ክዳን ነው። ስጎ ቦርሳ ውስጥ አንድ ቀን ከፈሰሰ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ምሳ አይቋጥርም።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት ያወጣችሁትን ጻፉ

በዚህ ሳምንት ምንም አትቀይሩ። እንደወትሮው ብሉ፣ ግን ሥራ ቦታ ለሚበላና ለሚጠጣ ያወጣችኋትን እያንዳንዷን ሳንቲም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ምሳውን በአንድ በኩል፣ ሻይ፣ ቡና፣ የታሸገ ውሃና ብስኩት የመሳሰለውን በሌላ በኩል።

ለምን? ምሳው ላይ አፍጥጠን ስናስብ ጥቃቅኗ ወጪ በጎን ስለምታልፍ ነው። ሁለተኛው ዝርዝር ከመጀመሪያው እምብዛም ካላነሰ፣ መጀመሪያ መሥራት ያለባችሁ ደረጃ 8ን ነው። ምሳውን ለጊዜው ተዉት።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ምሳ ስንት እንደምትችሉ አስሉ

በወር ለምግብ የምትችሉትን ገንዘብ ያዙ፤ ቤት የሚበላበትን ቀንሱ። በወር ውስጥ ወደ 22 የሥራ ቀን አለ። ከ22ቱ 2ቱን ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ወጣ ብላችሁ ለምትበሉበት ያዙና የዚያን ሒሳብ ለብቻ አስቀምጡ። የተረፈውን ለ20 አካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ለአንድ ቀን ነው፤ ምሳውንም፣ መክሰሱንም፣ የሚጠጣውንም ያጠቃልላል።

ሁለቱ ቀን ለምን ይቀመጣል ካላችሁ፣ «ዛሬ አብረን እንብላ» የሚል ሰው አይጠፋማ። ዕቅዱ ውስጥ ቦታ ከሌለው ወይ ታኮርፋላችሁ ወይ ዕቅዱን ትጥሉታላችሁ። ቦታ ካለው በሰላም ሄዳችሁ ትበላላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሥራ ቦታችሁ ምን እንዳለው እዩ

ይሄን ሳያዩ ምግብ መምረጥ ነው ብዙውን ሰው የሚጥለው።

ፍሪጅም ማይክሮዌቭም ካለ፣ ከታች ያለው ሁሉ ይሆናችኋል።

ማይክሮዌቭ ብቻ ካለ፣ ምግቡን ቀዝቃዛ አድርጋችሁ ከበረዶ ጠርሙስ ጋር ውሰዱ። የውሃ ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ስለሚጨምር ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ ጠዋት ምሳ ዕቃው ላይ አስደግፋችሁ አንድ ላይ በጨርቅ ጠቅልሉት። ከሰዓት በኋላ ሲቀልጥ ትጠጡታላችሁ።

ሁለቱም ከሌሉ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፔርሙዝ ነው፦ የፈላ ውሃ ሞልታችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ክደኑት፣ ውሃውን ድፉ፣ ወዲያው የሚያቃጥል ትኩስ ምግብ እስከ አፉ ሙሉበት። ቅድሚያ ያልሞቀ ፔርሙዝ ከምግቡ ላይ ሙቀት ይሰርቃል፤ ግማሹ ባዶ የሆነውም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሌላው መንገድ ያለ ፍሪጅ የማይበላሽ ነገር መያዝ ነው፦ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ የተቆላ ለውዝ፣ እዚያው ተከፍቶ እዚያው የሚያልቅ የቆርቆሮ ዓሣ።

ደረጃ 4፦ ምሳውን በአራት ነገር ገንቡት

የሚያጠግብ፣ ጉልበት የሚሰጥ፣ አትክልትና ጣዕም። ለአንድ ሰው አንድ ምሳ መጠኑ እንዲህ ነው፤ ሁሉም ሳይበስል ደረቁ ሲመዘን ማለቴ ነው።

- ሩዝ ከ70 እስከ 80 ግራም፣ ወይም ፓስታ ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ወይም መካከለኛ ድንች 2።
- ምስር፣ ሽንብራ ወይም ቦሎቄ ከ50 እስከ 60 ግራም፣ ወይም እንቁላል 2።
- ሁለት እፍኝ አትክልት። ጥቅል ጎመንና ካሮት ርካሽም ናቸው፣ ቶሎም አይበላሹም።
- ጣዕም፦ የቲማቲም ስጎ፣ ወይም ዘይትና አቼቶ፣ ወይም ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ።

ገንዘብ ሲያጥር ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው ሁለተኛውን ነው። ሩዝ ብቻ ይሞላና ይሄዳል። ምሳ ሰዓት ላይ ሆዱ ይሞላል፣ ትንሽ ቆይቶ ይርበዋል፣ ከዚያ ብስኩት ይገዛል። ያ ብስኩት ከምስሩ ይወደዳል። 60 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 14 ግራም ፕሮቲን አለው፤ አንድ እንቁላል ወደ 6 ግራም። ፕሮቲኑና የጥራጥሬው አሰር ናቸው እስከ መውጫ ሰዓት የሚያቆያችሁ። ስጋ ካማራችሁ አትከልክሉት፣ ግን ትንሽ ከትፋችሁ ምስሩ ውስጥ ጣዕም እንዲሰጥ ጨምሩት እንጂ የምሳው ዋና አታድርጉት።

መሰላቸትም አለ። አምስት ቀን አንድ ዓይነት ጣዕም ማንም አይችልም። ስለዚህ ሩዙንና ምስሩን በጨውና በሽንኩርት ብቻ ለዘብ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ጣዕሙን በብልቃጥ ለብቻ ያዙ። ሰኞ የቲማቲም ስጎ፣ ማክሰኞ ያንኑ ምስር ቀዝቃዛውን ከጥሬ ካሮትና ከአቼቶ ጋር፣ ረቡዕ ያንኑ በተቀቀለ እንቁላል። ድስቱ አንድ ነው፣ አፍ ላይ ግን ሦስት ምግብ ነው።

ደረጃ 5፦ ስትገዙ ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ

ትልቁ ከረጢት ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉና በ100 አባዙት፤ የ100 ግራም ዋጋ ይመጣል። ሁለት ዕቃ የምታወዳድሩት በሱ ነው። ስልክ ላይ ካልኩሌተር አለ፣ አታፍሩ።

ሩዝ፣ ምስር፣ ፓስታና ዘይት ቶሎ ስለማይበላሹ እጃችሁ ላይ ገንዘብ ባለበት ሳምንት በርከት አድርጋችሁ ግዙ። አትክልት ግን ለሦስት አራት ቀን ብቻ። ርካሽ ነው ተብሎ ተገዝቶ ፍሪጅ ሥር የበሰበሰ ጎመን ርካሽ አይደለም። ደግሞ ጠግባችሁ ወደ ገበያ ሂዱ። ሲርባችሁ የምትገዙትን ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 6፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ አብስሉ

እሑድ ማታ ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለረቡዕ። ረቡዕ ማታ ለሐሙስና ለዓርብ። አንዴ ለአምስት ቀን መሥራት ይቀላል የሚል አለ፤ የበሰለ ምግብ ግን ፍሪጅ ውስጥ በደህና የሚቆየው 3 ወይም 4 ቀን ነው። ዓርብ ላይ የእሑዱን መብላት ትርፉ ሆድ ቁርጠት ነው።

የእሑዱ ሥራ ቅደም ተከተል ይሄ ነው፦

ሀ. 180 ግራም ምስር ለቅማችሁ እጠቡና ጣዱ። ክኩ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ድፍኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ቲማቲምም አቼቶም አሁን አትጨምሩ። ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል፤ ምስሩ ጣት ላይ ሲፈርስ ያኔ ይጨመራል።

ለ. ምስሩ እየፈላ ሳለ 225 ግራም ሩዝ ጣዱ። ለአንድ ኩባያ ሩዝ ሁለት ኩባያ ውሃ። አንዴ ከፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ክዳኑን አትነካኩት። በጣም አታብስሉት፤ ነገ ሲሞቅ መልሶ ይለሰልሳል።

ሐ. በሦስተኛ ምድጃ ወይም ምስሩ ሲወርድ 4 እንቁላል ቀቅሉ። ከነቅርፊቱ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሲላጥ ግን ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ የምትልጡት በምትበሉበት ቀን ነው።

መ. በዚህ መሀል ጎመንና ካሮቱን ክተፉ። ግማሹን ጥሬውን አስቀምጡ፣ ግማሹን በዘይትና በሽንኩርት ቶሎ አገላብጡት።

ሠ. ስጎውን በመጨረሻ፣ በዚያው አትክልቱ በተጠበሰበት ዕቃ። የሚታጠብ ዕቃ ይቀንሳል፣ መጥበሻው ላይ የቀረው ጣዕምም አይባክንም።

ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ድስት መጠበቅ ነው።

ደረጃ 7፦ ቶሎ አቀዝቅዙ፣ ቀን ጻፉ

እዚህ ላይ ቸል አትበሉ፤ ገንዘብ ሳይሆን ጤና ነው።

ባክቴሪያ እንደልቡ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የበሰለ ምግብ እዚያ መሀል ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ትልቅ ድስት ሙሉ ሩዝ ከነክዳኑ ብትተዉት ዳሩ ቢቀዘቅዝም መሀሉ ለረዥም ሰዓት ለብ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ዝርግ ዕቃ ላይ ሣሣ አድርጋችሁ አስፉት፤ እንፋሎቱ ሲያቆም ምሳ ዕቃ ውስጥ ክፈሉትና ፍሪጅ አስገቡ። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን።

ሩዝን ለይቼ የማነሳው በምክንያት ነው። ባሲለስ ሴሬስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲያድር ይነቃና መርዝ ያመርታል፤ መርዙን ደግሞ በኋላ ማሞቅ አያጠፋውም። «ደህና አድርጌ አሞቀዋለሁ» የሚለው ነገር እዚህ አይሠራም። ውጭ ያደረ ሩዝ ይደፋል።

ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፉና የበሰለበትን ቀን ጻፉ። ፍሪዘር ካላችሁ የተረፈውን ምስርና ቦሎቄ አስገቡት፤ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዉለት። የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ግን ለፍሪዘር አይሆኑም፦ ድንቹ ውሃ ያቋጥራል፣ የእንቁላሉ ነጭ ላስቲክ ይሆናል።

ደረጃ 8፦ መክሰስና የሚጠጣ ከቤት

ውሃ በጠርሙስ። ሻይ ወይም ቡና የምትወዱ በትንሽ ፔርሙዝ ከቤት ያዙ፤ ሥራ ቦታ ፈልቶ የሚገኝ ውሃ ካለ የሻይ ከረጢትና ስኳር መሳቢያ ውስጥ ይበቃል። ለመክሰስ አንድ እፍኝ ለውዝ፣ ወይም ሙዝ፣ ወይም የተረፈ ዳቦ።

ለውዙን በሳምንቱ መጀመሪያ በ5 ትንንሽ ፌስታል ከፋፍሉት። ከረጢቱን እንዳለ ይዛችሁት ከሄዳችሁ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ግማሹን ደግሞ ጎረቤት ጠረጴዛ ነው የሚበላው።

ከሰዎች ጋር ሻይ መጠጣቱን አትተዉ። ሂዱ፣ ተቀመጡ፣ ሻይ ብቻ እዘዙ። ወጪው የሚከመረው ከሻይዋ ጋር በሚመጣው ነገር ነው።

ደረጃ 9፦ ማታ ጨርሱ

ከመተኛታችሁ በፊት ምሳ ዕቃው ተሞልቶ፣ ብልቃጡ ተዘግቶ፣ ሁለቱም አንድ ፌስታል ውስጥ ሆነው ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ። ፔርሙዝ የምትጠቀሙ ጠዋት የሚቀራችሁ ማሞቅና መገልበጥ ብቻ ይሁን። ጠዋት ላይ ሰው ይቸኩላል፤ ሲቸኩል ደግሞ «ዛሬ እገዛለሁ» ማለት ቀላል ነው።

ምሳ ረስቶ መውጣት ለሚወድ ሰው የምመክረው የቤቱን ቁልፍ ፌስታሉ ላይ አስሮ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ያስቃል፣ ግን ቁልፍ ሳይዝ ማንም አይወጣም።

ደረጃ 10፦ ሥራ ቦታ በደንብ አሙቁ

ክዳኑን ገርበብ አድርጉ፣ ግማሽ ላይ አውጡና አማስሉ፣ እንደገና አሙቁ። ማይክሮዌቭ ዳሩን አቃጥሎ መሀሉን ቀዝቃዛ ሊተወው ይችላል። መሀሉም ጭምር ወደ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ቴርሞሜትር ባይኖር፣ መሀሉ እንፋሎት ሲያወጣና ለአፍ እስኪያስቸግር ሲግል ማለት ነው። ሩዝ ደርቆ ከሆነ አንድ ማንኪያ ውሃ ጣል አድርጉበት። አንዴ የሞቀ ምግብ ከተረፈ መልሳችሁ ለነገ አታቆዩት።

ማስጠንቀቂያ

ቀይ ቦሎቄ በጥሬው መርዛማ ነገር አለው። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ድፉ፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሳችሁ እስኪለሰልስ ቀቅሉት። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብቻ፣ ሳይፈላ፣ አይበስልም።

የተቀቀለ እንቁላል ማይክሮዌቭ ውስጥ አታስገቡ፣ ከነቅርፊቱም ተልጦም። ይፈነዳል፤ አንዳንዴ የሚፈነዳው ደግሞ ወጥቶ ሹካ ሲነካው ነው።

ብረት፣ አሉሚኒየም ፎይልና የአይስክሬም ቀጭን ፕላስቲክ ማሞቂያ ውስጥ አይገቡም።

ሽታውና መልኩ ደህና ስለሆነ ብቻ ምግብ ደህና ነው አትበሉ። የሚያሳምመው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይሸትም። ቀኑን እዩ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

በመጀመሪያው ሳምንት አምስቱንም ቀን መቋጠር። በሦስት ቀን ጀምሩ። ሦስቱ ሲለመድ ሌላው ይከተላል።

ሰላጣውን ማታ ከነማጣፈጫው መቀላቀል። ጨውና አቼቶ ውሃውን ያወጡታል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የምታገኙት ለምቦጭ የጣለ ጎመን ነው። ማጣፈጫው በብልቃጥ ይሂድ።

ለመቆጠብ ሲባል ቁርስን መዝለል። ዞሮ ዞሮ ከምሳ በፊት ታወጡታላችሁ፣ ያውም በውድ። አጃ በውሃ ተቀቅሎ ከሙዝ ጋር ከአንድ ብስኩት ባይረክስም ከዚያ ብዙ አይርቅም፣ ሆድ ላይ ግን ይቆያል።

ምሳ ዕቃውን ሳያለቀልቁ ቦርሳ ውስጥ መመለስ። ቲማቲም ፕላስቲክ ላይ ይቀራል፣ ሽታውም ክዳኑ ላስቲክ ውስጥ ይገባል። እዚያው ሥራ ቦታ በውሃ አለቅልቁት። ሽታ ከያዘ አቼቶና ለብ ያለ ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት፣ ክዳኑን ለብቻው።

ቤታችሁም ፍሪጅ ከሌለ

ያኔ ለሦስት ቀን ማብሰል ይቀራል፣ የተቀረው ግን አይቀየርም። ማታ ምስሩን ለቅማችሁ አዘጋጁ፣ ሽንኩርቱን ላጡ፣ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ጠዋት ቁርስ ስትሠሩ ክክ ምስሩ በጎን 20 ደቂቃ ይብሰልና ከነትኩሱ ፔርሙዝ ውስጥ ይግባ። ዳቦ ከጎኑ። ጠዋት ምድጃ ላይ የምትቆሙበት ጊዜ ከሌለ የለውዝ ቅቤና ዳቦ፣ ወይም የቆርቆሮ ዓሣ።

ደመወዝ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው

ለዚህ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አንድ የማይነካ ነገር ይኑራችሁ፦ የቆርቆሮ ዓሣ ወይም ባቄላ፣ አንድ እሽግ ደረቅ ብስኩት፣ ትንሽ ለውዝ። ምሳ የረሳችሁ ቀንም የሚያድነው ይሄው ነው። ከተበላ ደመወዝ በገባ ሳምንት ይተካል፤ የመበላሻ ቀኑንም አልፎ አልፎ እዩት። ቤት ውስጥ ደግሞ ማስቀመጫው ሥር የቀረችውን ጥሬ ሩዝ፣ ከአንዱ ከረጢት የተረፈውን ምስር፣ ከሌላው ሽንብራ አንድ ላይ ሰብስቡ። ሽንብራው ማታ ተዘፍዝፎ ቀድሞ ይጣድ፣ ሊለሰልስ ሲል ምስሩና ሩዙ ይግቡ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ከላይ። ለሁለት ምሳ ይበቃል።